የጣፋጭ ቤት ወራሽ ማነው?

ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የቀረው የመጨረሻው የፋሺስት ምሽግ በዚያ ቀን ወደቀ። በዚያው ዓመት ገደማ በሰሜን ጣሊያን፣ አልባ በምትባል ከተማ፣ ፒየትሮ ፌሬሮ የተባለ ኬክ ጋጋሪ ከባለቤቱ ከፒየራ ጋር ሆኖ አንዲት አነስተኛ የጣፋጭ መሥሪያ ከፈተ። ሁለቱ ነገሮች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። የመጀመሪያውን የታሪክ መጻሕፍት ያወሱታል፤ የሁለተኛውን ፍሬ ደግሞ የብዙ አገር ልጆች በማንኪያ ልሰውታል። እኔ ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው አንድ ጥያቄ ውስጤ ስለገባ ነው። ጎንደር ኬክና ከረሜላን ካወቀች ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ታዲያ «አያቴ የጀመሩት ቤት ነው» የሚል የኬክ ቤት ባለቤት እንደ ልብ የማናገኘው ለምንድነው?

ከፌሬሮ ልጀምር። ጊዜው የጦርነት ነበርና ካካዎ ጠፍቷል፤ ቢገኝም ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። በአልባ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ላይ ግን ኖቾላ የሚሉት፣ ቅርፊቱ ደረቅ፣ ውስጡ ዘይታም የሆነ የዛፍ ፍሬ ሞልቷል። ሰውየው ጥቂቱን ካካዎ በብዙ ኖቾላ አበረከተና በቢላዋ እየተቆረጠ ከዳቦ ጋር የሚበላ ርካሽ ጣፋጭ ሠራ። በ1938 ዓ.ም. ኩባንያው ተቋቋመ። ፒየትሮ በ1941 ዓ.ም. ሞተ። ሚስቱና ወንድሙ ሥራውን ይዘው ቀጠሉ። ልጁ ሚኬሌ በ1956 ዓ.ም. የአባቱን ፈጠራ አለስልሶ በብልቃጥ ሞላና ኑቴላ አለው። ሚኬሌ በ2007 ዓ.ም. ሲያርፍ ሦስተኛው ትውልድ ቦታውን ይዞ ነበር። ከአንዲት ጠባብ ማእድ ቤት የተነሣው ንግድ ከዓለም ትልልቅ ጣፋጭ አምራቾች አንዱ ሆኖ እንኳ ከቤተሰቡ እጅ አልወጣም።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እወስዳለሁ። ቤተሰቡ በአገሩ ምድር የሚበቅለውን ያዘ። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ። ቤቱና ስሙም ከሙያው ጋር አብረው ተወረሱ። እንግዲህ የእኛንም ታሪክ በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች እንስፈረው።

ከስኳር በፊት

ጎንደር ጣፋጭን ከጣሊያን አልተማረችም። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማዋን ሲቆረቁሩ የጣፋጭ ሁሉ ንጉሥ ማር ነበር። ማር ግብር ነው፤ በጉንዶ እየተሰፈረ ወደ ቤተ መንግሥት ይገባል። ማር መድኃኒት ነው፤ ማር የእንግዳ ክብር ነው። በ1691 ዓ.ም. ዐፄ ኢያሱን ሊያክም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴም ሆነ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ጠጃችንን ሳይጠቅሱ አላለፉም። በአዲስ ዓለም የሚኖሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ደግሞ ከምጽዋና ከሱዳን ጋር ይነግዱ ነበር። ዛሬም የምንጠቀምባቸው ሐላዋና ተምር የሚሉት ቃላት ወደ ቋንቋችን የገቡት ከዐረብኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ማር ቆራጩ በአብዛኛው ወንድ ቢሆንም ማሩን ወደ ብርዝና ወደ ጠጅ የምትለውጠው ሴት ነበረች። አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ፣ ከዚያ ጌሾው፣ ከዚያ የጋኑ መታጠን፣ ከዚያ የመፍላቱ ቀን፤ ይህ ሁሉ በብራና አልተጻፈም። እናት ልጇን ጋኑ አጠገብ አቁማ፣ አስቀምሳና አስሽትታ አስተማረቻት። ድፎ ዳቦውም እንደዚሁ ነው፤ የኮባው አነጣጠፍ፣ የሊጡ መቆያ፣ የእሳቱ መጠን ከእናት ወደ ልጅ ሄደ። የመጀመሪያው የጣፋጭ ሙያ ቤተሰባዊ ውርስ በአገራችን ይኸው ነበር፤ የወረደውም በእናት በኩል ነው። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተወለደም።

ይህ ውርስ ግን አንድ ጉድለት ነበረው። ሙያው ተወረሰ እንጂ በስም የሚታወቅ ንግድ ሆኖ አልተወረሰም። የጠጅ ቤቷ እመቤት ስታርፍ ጠጅ ቤቷም በአብዛኛው አብራት ታርፋለች። ልጅቱ ሙያዋን ይዛ ሌላ ቤት ትከፍታለች፤ ወይም ባል አግብታ ለቤቷ ብቻ ትጥላለች።

በመስተዋቱ ውስጥ ያሉ ስሞች

አንድ ቀን ማራኪ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ኬክ ቤት መስተዋት ፊት ቆሜ የተደረደረውን በስሙ ለመጥራት ሞከርኩ። ቦምቦሊኖ፤ ጣሊያንኛ ነው። ብስኩት፣ ከረሜላ፣ ማርማላታ፣ ቶርታ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ሚልፎይ ሺህ ቅጠል ማለት ነው፤ የፈረንሳይም የጣሊያንም ነው። ፓስቲ የሚለውም በጣሊያንኛ የኬክ ቤት ጣፋጭ መጠሪያ ከሆነው ቃል የወጣ ነው። እኛ ግን ከመስተዋት አውጥተን፣ በዘይት ጠብሰን፣ በመንገድ ዳር በጋዜጣ ጠቅልለን የድሃ ቁርስ አደረግነው። ኬክ የሚለው ብቻ እንግሊዝኛ ነው። ቃላት መታወቂያ አላቸው፤ ነገሩ በየትኛው በር እንደ ገባ ይናገራሉ።

በሩ የተከፈተው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ጎንደር ሲገባ ነው። ከተማዋን የአማራ ግዛታቸው ዋና ከተማ አደረጓት። ጌራርዶ ቦሲዮ የሚባለው አርክቴክት ፕላኗን ነደፈ። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር ከነፖስታ ቤቱ፣ ከነሲኒማውና ከነባንኩ ተነሣ። ሊማሊሞ ተቆፍሮ የአስመራ መንገድ ተከፈተ። በዚያ መንገድ ጦር ብቻ አልመጣም፤ የፋብሪካ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቡና ማሽንና ፎርኖም መጣ።

ታዲያ ጎንደሬው በመስተዋቱ በር ገብቶ ካፑቺኖና ፓስታ የሚያዝበት ዘመን አልነበረም። የፋሺስቱ መንግሥት ነጭና ጥቁር በአንድ ቤት እንዳይስተናገዱ ሕግ ያወጣ መንግሥት ነው። አበሻው የገባው በጓሮ በር ነው፤ እንጨት ተሸካሚ፣ ሣህን አጣቢ፣ ሊጥ ለዋሽ ሆኖ። የኬክ ሙያ ታሪካችን የሚጀምረው በዚህ በጓሮ በር ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ማንም «ና ላስተምርህ» ያላለው ሰው ዓይኑን አስተማሪ፣ እጁን ደብተር አድርጎ ተማረ።

እጅ ሲወርስ

ጣሊያን ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ሁሉም ጣሊያን አልወጣም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በቀል እንዳይፈጸም አዘው ስለነበር ብዙ ባለሙያ፣ መካኒክም ሆነ ግንበኛ ወይም ጋጋሪ፣ በአገሩ ቀረ። አዲስ አበባ ፒያሳ ከዚያ ዘመን የተረፉ ስሞች አሉበት። ካስቴሊ ምግብ ቤት ከጦርነቱ በኋላ ተከፍቶ ለረዥም ዘመን ከመሥራቹ ቤተሰብ እጅ አልወጣም። ቶሞካ በ1945 ዓ.ም. በጣሊያን ስም ተጀምሮ በኢትዮጵያዊ ቤተሰብ እጅ ቀጥሏል። በኬክ በኩል ደግሞ ኤንሪኮ አለ። የፒያሳ ልጅ ሆኖ ሚልፎዩን ያላነሣ ማን አለ? ስሙ የጣሊያን ይሁን እንጂ ለአሥርት ዓመታት ያንን ኬክ የጋገሩት እጆች የኢትዮጵያውያን እጆች ነበሩ።

ለዚህ ሁሉ ስኳር ያስፈልጋል። ስኳራችን ከውጭ ይመጣ ነበር። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከኤች ቪ ኤ ጋር ተዋዋለ። ኤች ቪ ኤ በኢንዶኔዥያ ሰፋፊ የእርሻ ይዞታ የነበረው የሆላንድ ኩባንያ ነው። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. የወንጂ ፋብሪካ ተመረቀ። ሸዋ በ1955፣ መተሐራ በ1962 ዓ.ም. ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ስኳር የመኳንንት ዕቃ መሆኑ ቀረ። ልጅ አምስት ሳንቲም ይዞ ወደ ዐረብ ሱቅ ሮጠ፤ ከረሜላውን በጉንጩ ይዞ ተመለሰ። በየክፍለ ሀገሩ ሻይ ቤት ኬክ ቤት ሆነ። በአዲስ አበባና በአስመራ ፎርኖ ፊት ያደገው የትናንቱ ሣህን አጣቢ የራሱን ቤት ለመክፈት በቃ።

ልብ ያለ አንባቢ ልዩነቱን አይቶታል። በአልባ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲሄድ፣ እዚህ ግን ከጌታ ወደ ሠራተኛ ሄደ። እዚያ ደም ወረሰ፤ እዚህ እጅ ወረሰ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። እንዲያውም ከደም ውርስ ይልቅ የሚከብድ ውርስ ነው፤ ልጅ ስንፍናም ቢኖርበት ይወርሳል፣ ሠራተኛ ግን ሳይችል አይወርስም።

ሕጉ ምን አለ?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ «የንግድ መደብር» የሚል አንድ ብልህ ሐሳብ ነበረው። የአንድ ነጋዴ ሀብት ፎርኖውና ወንበሩ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሱቁ ስምና በደንበኛ ዘንድ ያለው መልካም ዝናም ሀብት መሆኑን ደነገገ። ይህ ሀብት ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ለወራሽ ይተላለፋል። ማለትም ሕጉ «አያቴ የጀመሩት ቤት ነው» የሚለውን ቃል ዋጋ ሰጥቶት ነበር።

ሕጉ ሥር ሳይሰድ አብዮቱ ደረሰ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ፣ የቀሩት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ደግሞ ለግል ነጋዴ ጣሪያ ሠራለት፤ በችርቻሮ 200 ሺህ፣ በጅምላ 300 ሺህ፣ በኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር። ከአንድ ፈቃድ በላይም አይያዝም።

ይህ በኬክ ቤት ላይ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። አባት ኬክ ቤት አለው እንበል። ልጅ ሲደርስ ዱቄት ፋብሪካ ወይም የከረሜላ መሥሪያ እንጨምር ይላል። አይቻልም። ሁለተኛ ሱቅ በሌላ ከተማ እንክፈት ይላል። አይቻልም። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ግድግዳ አፍርሶ ማስፋትም አይቻልም። ፌሬሮ በአልባ ማእድ ቤት ውስጥ እነዚህ ሦስት «አይቻልም»ዎች ቢገጥሙት ኖሮ ሚኬሌ ብልቃጡን የት ይሞላው ነበር? ጎበዝ ልጅ ወይ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወይ ወደ ጦር ሜዳ፣ ወይ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሄደ። ፎርኖው ፊት የቀረው ሠራተኛው ነው። የቅይጥ ኢኮኖሚ አዋጅ በ1982 ዓ.ም. ጣሪያውን ሲያነሣ አሥራ አራት ዓመት አልፎ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ ትውልድ የሚታጠፍበት ዕድሜ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ኬክ ቤት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ጎንደርም ድርሻዋን አገኘች፤ ማራኪም ተማሪ ሲበዛባት ቦምቦሊኖና ሻይ ይዛ ጠበቀችው። ነገር ግን አብዛኞቹ የመጀመሪያ ትውልድ ቤቶች ናቸው። ከዜሮ ነው የተጀመረው።

በሁለት ሺህ አንድ መቶ ሜትር ላይ

እጁ ምን እንደወረሰ ካልነገርኩ ግን ግማሹን ታሪክ ብቻ ተናገርኩ ማለት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች። አልባ 170 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በጎንደር ውሃ የሚፈላው በመቶ ዲግሪ ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የጣሊያኑን የምግብ አሠራር ቃል በቃል ይዞ ጎንደር ላይ የጋገረ ሰው ኬኩ ፈጥኖ ይነፋና መሐሉ ቁጭ ይልበታል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ያለ ልክ ይነሣል፤ እርጥበቱም ፈጥኖ ይተናል። እርሾውን ወይም ቤኪንግ ፓውደሩን መቀነስ፣ ፈሳሹን ጥቂት መጨመር፣ ስኳሩን ማሳነስ ግድ ነው። ከረሜላም እንዲሁ ነው። በባሕር ዳርቻ ሽሮፑ ጠንክሮ የሚሰበር ከረሜላ የሚሆነው 150 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ እዚህ ግን በሰባት ዲግሪ ያህል ቀደም ብሎ ይደርሳል። ቴርሞሜትሩን አምኖ የጠበቀ ሰው ያሳርረዋል። የእኛ ከረሜላ ሠሪ ግን ጠብታዋን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጥሎ ድምጿን ይሰማል። ጠጅ ጣይዋ ጋኑን በማሽተት እንዳወቀችው ማለት ነው።

ሌላም አለ። ኦርቶዶክሱ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ይጾማል። እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የማይነካበት ቀን ማለት ነው። ኬክ ደግሞ ያለ እነዚህ ምን ሊሆን ነው? መልሱን የሰጡት የእኛ ጋጋሪዎች ናቸው። ዘይቱ የቅቤውን፣ ማርማላታው የክሬሙን ቦታ ያዘና የጾም ኬክ ተፈጠረ። ጾም ሲገባ ገበያ ዘግቶ ከመቀመጥ ያዳናቸው ይህ ፈጠራ ነው። ኑቴላ የካካዎ እጦት ልጅ ነው። የጾም ኬክም የእንቁላል ክልከላ ልጅ ነው። በክብር አይበላለጡም፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው የፈጣሪው ስም ታትሞበት መኖሩ ነው። የሁለተኛውን ፈጣሪ ግን ስም ጠርቶ የሚያመሰግነው የለም።

ሰሊጡ የት ይሄዳል?

ወደ መጀመሪያው ሚዛን ልመለስ፤ ምድሩ የሚሰጠው። የአልባ ሀብት ኖቾላ ነበር። የእኛስ? ከመተማ፣ ከቋራ፣ ከአርማጭሆና ከሁመራ ቆላ የሚወጣው ነጭ ሰሊጥ በዓለም ገበያ በስሙ ይጠራል። የእስራኤልና የፍልስጥኤም ጣሂና ሠሪዎች የሁመራን ሰሊጥ መርጠው ይገዛሉ፤ ቻይናም ትልቅ ገዢ ናት። ጣሂና የተፈጨ ሰሊጥ ነው። ጣሂና ላይ የፈላ ስኳር ሲጨመር ሐላዋ ይሆናል። ሰሊጡ ከእኛ በጆንያ ይወጣል፤ ሐላዋው በቆንጆ ቆርቆሮ ታሽጎ ወደ እኛው ሱፐርማርኬት ይመለሳል። ማሩስ? ኢትዮጵያ በአፍሪካ አንደኛ ማር አምራች ሆና ሳለ ኬክ ቤቶቻችን የሚያጣፍጡት በስኳር ነው። ስኳሩ ደግሞ በየጊዜው እየጠፋ በኮታና በወረፋ የሚገኝ ዕቃ ሆኖ የቆየ ነው። ፌሬሮ ካካዎ ሲጠፋ ወደ ኮረብታው ዞረ። እኛ ስኳር ሲጠፋ ወደ ሸማቾች ማኅበር እንዞራለን።

ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ሰሊጥ ለመፍጨት ወፍጮ፣ ለወፍጮ የማይቋረጥ መብራት፣ ለመብራትና ለገበያ ደግሞ ሰላም ያስፈልጋል። የቅርብ ዓመታት ጦርነት በአማራ ክልል መንገድ ሲዘጋ ዱቄት የጠፋበትን፣ በጊዜ የሚዘጋውን፣ ሠራተኛ የበተነውን ቤት ሁሉ ጎንደሬ ያውቀዋል። ሆኖም መሠረታዊው ጥያቄ ይኸው ነው፤ በራሱ ምድር ፍሬ ላይ ያልቆመ ጣፋጭ ቤት ከውጭ የሚመጣው ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል።

ደብተሩ

አሁን ያለንበት ዘመን ልዩ ነው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኬክ ቤት የከፈቱት ሰዎች አርጅተዋል። ልጆቻቸው ተምረዋል፤ ከፊሎቹ አዲስ አበባ፣ ከፊሎቹ ባሕር ማዶ ናቸው። አሮጌዎቹ ሰፈሮችም እየሄዱ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ ስንት የቆየ ሱቅ እንደፈረሰ አይተናል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ በበኩሉ በር ከፍቷል። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ማቋቋም ይችላል፤ ማኅበሩ ደግሞ ባለቤቱ ሲያርፍ አብሮ አይሞትም። ሕጉ ስሙን ለማውረስ ይፈቅዳል። የጎደለው የሚወረሰው ነገር መጻፉ ነው።

ብዙ ጋጋሪ ዱቄቱን የሚለካው በጣሳ፣ እሳቱን በፊቱ ቆዳ፣ ሽሮፑን በጆሮው ነው። ይህ ዕውቀት ድንቅ ነው፤ ግን ሰውየው ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ልጁ ከአሜሪካ ተመልሶ ቤቱን ልያዝ ቢል እንኳ የሚያገኘው ጣሳውን እንጂ ልኩን አይደለም። ወንበሩ ጥግ የተቀመጠው፣ ሃያ ዓመት የጋገረው ሠራተኛ ግን ልኩን ያውቃል። እንግዲህ በእኛ አገር ወራሹ ሁለት ነው፤ ስሙን የሚወርስ ልጅና ሙያውን የወረሰ እጅ። እስካሁን አንዱ ሌላውን አላገኘውም። ባለቤት ሠራተኛውን በድርሻ ቢያስገባው፣ ልጁም ከሠራተኛው እግር ሥር ቁጭ ብሎ ቢጽፍ፣ ሁለቱ ውርሶች በአንድ ደብተር ላይ ይገናኛሉ።

እናም የጎንደር ኬክ ቤት ባለቤቶችን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ለዓመት በዓል ቀለም ስትቀቡ፣ ከሱቁ ስም ሥር ቤቱ የተከፈተበትን ዓመተ ምሕረት አጽፉበት። በጓሮ ደግሞ የሃምሳ ብር ደብተር ገዝታችሁ፣ «የጾም ኬክ፣ ዱቄት ይህን ያህል፣ ዘይት ይህን ያህል» ብላችሁ ጀምሩ፤ ከሥሩም የጋገረውን ሰው ስም ጻፉ።